የጋዝ ሲሊንደር የሌለው ካምፐር በሰሜን ሸዋ ብርድ ያዋጣል?

ያለ ሲሊንደር ጋዝ፣ የውስጥ ዕቃው በኤሌክትሪክ ብቻ የሚሠራ ካምፐር (መኝታና ማዕድ ቤት ያለው) መኪና ለሰሜን ሸዋ ጉዞ ልግዛ ወይም ላሠራ ለሚል ሰው መልሳችን ለሁለት የተከፈለ ነው። ለምግብ ማብሰያ፣ ለፍሪጅና ለውኃ ማሞቂያ አዎ፣ ያለ ማመንታት። የመኪናውን ውስጥ ለማሞቅ ግን ሻጩ የሚላችሁን በቁጥር ሳታረጋግጡ ገንዘብ አትቁጠሩ። ደብረ ብርሃን ወደ 2800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ የመንዝ ጓሳ ደግሞ ከ3200 ሜትር በላይ ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ሣሩ በውርጭ ነጭ ሆኖ በሚያነጋበት አገር መኪና ውስጥ የሚያድር ሰው፣ ስለ ምድጃው ከመጠየቁ በፊት ሌሊቱን በምን እንደሚያልፈው መጠየቅ አለበት።

የምንገመግመው ቅንብር ይህ ነው፦ ጣሪያው ከፍ ያለ የናፍጣ ሚኒባስ ወንበሩ ወጥቶ ለሁለት ሰው መኝታና ማዕድ ቤት ተሠርቶለታል። ባለ 12 ቮልት፣ 400 አምፔር-ሰዓት የሊቲየም አይረን ፎስፌት ባትሪ፣ 3000 ቪኤ (ቮልት-አምፔር) ኢንቨርተር-ቻርጀር (የባትሪውን ኃይል ለሶኬት ዕቃ የሚለውጥ፣ ከሶኬትም ባትሪውን የሚሞላ)፣ ጣሪያ ላይ 600 ዋት ሶላር፣ ከዲናሞው የሚሞላ የ50 አምፔር ዲሲ-ዲሲ ቻርጀር አለው። ማዕድ ቤቱ አንድ ኢንዳክሽን (ድስቱን በማግኔት ኃይል የሚያሞቅ) ምድጃ፣ 50 ሊትር የኮምፕረሰር ፍሪጅና 10 ሊትር ቦይለር (የውኃ ማሞቂያ) ይዟል። ሲሊንደር የለም፣ ጄኔሬተርም የለም። ከዚህ ያነሰ ባትሪ ያለውን መኪና “ሙሉ ኤሌክትሪክ” ብሎ መሸጥ ተገቢ አይደለም፤ ለመብራትና ለስልክ ይበቃል እንጂ ድስት አይጥድም።

ጋዙን ማስወጣት የሚያዋጣበት ምክንያት

የመጀመሪያው ደኅንነት ነው። የሲሊንደር ጋዝ ከአየር ይከብዳል፤ ሲያፈስ ወደ ላይ ወጥቶ በመስኮት አይሄድም፣ ወለል ላይ ይተኛል። በትክክል የተሠራ የጋዝ ካምፐር ሲሊንደሩን ከመኝታው ክፍል በጥብቅ በተለየ ሣጥን ያስቀምጠዋል፤ ሣጥኑም ወለሉ ላይ ወደ ውጭ የሚያስወጣ ቀዳዳ አለው። አልጋ ሥር በተራ ጎማ ቱቦና በማጥበቂያ ቀለበት የታሰረ ሲሊንደር ግን ኮረኮንች ላይ ጥቂት ቀን ከሄደ በኋላ መጋጠሚያው መላላቱ አይቀርም። ይህን ዓይነት አሠራር ያያችሁበትን መኪና፣ ዋጋው የፈለገውን ያህል ቢቀንስ፣ ተዉት።

ሁለተኛው እርጥበት ነው። አንድ ኪሎ ጋዝ ሲነድ ከአንድ ኪሎ ተኩል በላይ ውኃ በእንፋሎት መልክ ይለቃል። መስኮቱ በተዘጋ ጠባብ መኪና ውስጥ ያ እንፋሎት ብርዳማው ላሜራ ላይ ጠል ሆኖ ይወርዳል፤ ፍራሹ ይረጥባል፣ ኮምፔንሳቶው ያብጣል። ኢንዳክሽን ከድስቱ ከሚወጣው እንፋሎት በቀር የሚጨምረው ነገር የለም፤ ኦክስጅንም አይሻማም። በ3300 ሜትር የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለል ጋር ሲነጻጸር ሁለት ሦስተኛ ያህል ብቻ ስለሆነ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የጋዝ ምድጃም በዚሁ ምክንያት ደጋ ላይ ኃይሉን ይቀንሳል። የጋዝ መሣሪያ ሠሪዎች የሚጠቀሙበት ልማዳዊ ስሌት በየ300 ሜትሩ 4 በመቶ ገደማ መቀነስ ነው።

ሦስተኛው ፍሪጅ ነው፤ እዚህ ላይ ክርክር የለም። በጋዝ የሚሠራው የአብሶርፕሽን ፍሪጅ መኪናው ሜዳ ላይ ካልቆመ በደንብ አይሠራም፣ ከፍታ ላይም ነበልባሉ ይደክማል። ከጣርማበር እስከ መንዟ መሐል ሜዳ ከተማ ፍጹም ሜዳ የሆነ ማቆሚያ ማግኘት ራሱ ሥራ ነው። የኮምፕረሰር ፍሪጅ ግን ዘመም ባለ ቦታም ያቀዘቅዛል። ደጋ ላይ በቀን ከ200 እስከ 300 ዋት-ሰዓት ይበላል፤ ሸዋ ሮቢት ቆላ ሲወርድ ደግሞ እጥፉን ሊጠይቅ ይችላል።

ለጋዝ የሚሟገት ሰውም ትልቅ ማስረጃ አለውና እንናገርለት። 12.5 ኪሎ ሲሊንደር ወደ 160 ኪሎዋት-ሰዓት ሙቀት ይይዛል። ከላይ የጠቀስነው ባትሪ 5.1 ኪሎዋት-ሰዓት ነው፤ ታችኛውን ጥቂት ትተን የምንጠቀመው 4.5 ብቻ ነው። ስለዚህ አንድ ሲሊንደር ከ30 በላይ ሙሉ ባትሪ ያህል ነው። ግማሹ ሙቀት ከድስቱ ጎን አምልጦ ቢባክን እንኳ ልዩነቱ ሰፊ ሆኖ ይቀራል። ሻጭ “ከጋዝ አይተናነስም” ካላችሁ ይህን ቁጥር ጥሩለት። ኤሌክትሪኩ የሚበልጠው በየቀኑ ከፀሐይና ከሞተሩ መልሶ ስለሚሞላ ነው፤ የመያዝ አቅሙማ ትንሽ ነው። ፀሐዩም ጉዞውም ከሌለ ብልጫው አብሮ ይቀራል።

የአንድ ቀን ሒሳብ

ሁለት ሰዎች ጓሳ ላይ ቆመው ሲውሉና ሲያድሩ የሚያስፈልጋቸውን እንቁጠር፤ ቁጥሮቹ ኢንቨርተሩ የሚያባክነውን ይጨምራሉ። ጠዋትና ከሰዓት ቡናና ሻይ 350 ዋት-ሰዓት። ምሳ ሽሮ 280። እራት ምስር ወጥ ከሽንኩርት ማቁላላቱ ጋር 400። ፍሪጅ 250። መብራት፣ የውኃ ፓምፕና ስልክ 150። ለመታጠቢያ ቦይለሩን አንድ ጊዜ መሙላት 650። ለሁለት ሰው የኤሌክትሪክ ብርድ ልብስ ሌሊቱን ወደ 500። ኢንቨርተሩ በርቶ ሥራ ሲፈታ 20 ዋት ገደማ ይበላል፤ በቀን ስምንት ሰዓት ብቻ ብታበሩት 150 ያህል ነው። ድምሩ ወደ 2700 ይደርሳል።

አሁን ገቢው። ሰሜን ሸዋ ከምድር ወገብ በስተሰሜን ወደ 10 ዲግሪ ስለሆነ ፀሐይዋ አናት ላይ ትውላለች፤ ጣሪያ ላይ ጠፍጣፋ የተኛ ፓኔል ብዙ አይጎዳም። በበጋ 600 ዋት ሶላር በቀን ወደ 2500 ዋት-ሰዓት ያስገባል። ወጪና ገቢ ሊተካከሉ ምንም አልቀራቸውም ማለት ነው፤ ቦይለሩን በሁለት ቀን አንዴ ብታደርጉት ትርፍም አለ። ለዚህ ነው ከጥቅምት እስከ የካቲት ለሚሄድ ሰው ያለ ማቅማማት የምንመክረው።

ሐምሌና ነሐሴ ግን ሌላ ታሪክ ነው። ደብረ ሲናና ጣርማበር ገደሉ ላይ ጉሙ ቀኑን ሙሉ ላይነሳ ይችላል። ገቢውን በግማሽ፣ ማለትም 1200 ላይ አስቡት። በየቀኑ 1500 ከባትሪው ይጎድላል፤ በሦስተኛው ቀን ማታ ባትሪው ባዶ ነው። በክረምት ከሦስት ሌሊት በላይ አንድ ቦታ ለመቆም ይህ መኪና አልተሠራም። ወይ ሞተር አስነስታችሁ መንገድ ትሄዳላችሁ፣ ወይ ከተማ ገብታችሁ ሶኬት ትፈልጋላችሁ። ተጨማሪ ፓኔል ይፈታዋል የሚሉ አሉ፤ የሚኒባስ ጣሪያ ግን አየር መውጫውን ትቶ ከ600 እስከ 700 ዋት በላይ አይችልም።

ድስቱና ጀበናው

የውጭ አገር ግምገማዎች የማይነኩት፣ እዚህ ግን መጀመሪያ የሚመጣው ጉዳይ ይህ ነው። ኢንዳክሽን የሚያሞቀው ማግኔት የሚይዘውን ብረት ብቻ ነው። የሸክላ ጀበና አይሞቅም። የሸክላ ድስት አይሞቅም። በየቤቱ ያለው የአልሙኒየም ድስትም አይሞቅም። ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት ትንሽ ማግኔት ይዛችሁ ሂዱና የድስቱን መቀመጫ ንኩ፤ አጥብቆ ከያዘ ይሠራል፣ ላላ ብሎ ከያዘ በግማሽ ኃይል ይሠራል። የብረት ምጣድ ለቡና መቁያ እጅግ ጥሩ ነው፤ ሙቀቱም ከከሰል ይልቅ እኩል ይደርሳል።

ለጀበናው ሦስት መንገድ አለ። አንደኛው በኢንዳክሽኑ ላይ የብረት ሳህን አድርጎ ጀበናውን እላዩ ማስቀመጥ ነው፤ አንመክረውም፣ ምክንያቱም ሳህኑ የሚይዘው ሙቀት ወደ መስተዋቱ ይመለስና ምድጃው ራሱን ያጠፋል፣ ሲደጋገምም ይበላሻል። ሁለተኛው ኢንፍራሬድ ምድጃ መግዛት ነው፤ መልኩ ኢንዳክሽን ይመስላል፣ ግን የትኛውንም ዕቃ ያሞቃል፣ ሸክላን ጨምሮ። ኤሌክትሪክ ይጨምራል፣ መስተዋቱም ከጠፋ በኋላ ለረጅም ጊዜ ይፋጃል፤ ቢሆንም ለቡና አፍቃሪ ቤተሰብ ትክክለኛው ምርጫ ይህ ነው። ሦስተኛው ከሰሉን ከመኪናው ውጭ፣ በሩ ተዘግቶ ማቀጣጠል ነው። ከሰል ወደ ውስጥ ፈጽሞ አይገባም፤ ጭሱ ካለቀ በኋላም ቢሆን። የሚገድለው ጭሱ ሳይሆን ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው፤ ኦክስጅን በሳሳበት ከፍታ ደግሞ አደጋው ይብሳል።

ኢንዳክሽን ሲመረጥ ሌላም ዘዴ አለው። ርካሾቹ “300 ዋት” ላይ ስታደርጉት 300 አይሰጡም፤ 1200 ዋት ለጥቂት ሰከንድ ያበሩና ያጠፋሉ። ሽሮው ይፈላል ይተኛል፣ ይፈላል ይተኛል፤ ኢንቨርተሩም በየጊዜው ሙሉውን ጫና ይቀበላል። ዝቅተኛውን ኃይል ሳያቋርጥ የሚሰጠውን ፈልጉ። ሱቅ ውስጥ ውኃ ጥዳችሁ ዝቅተኛው ላይ አድርጉና ድምፁን አዳምጡ፤ ማራገቢያው ሳይሆን ጥቅልሉ ዝም ብሎ ደግሞ የሚጮህ ከሆነ እየቆራረጠ ነው።

ከፍታው ምግቡንም ይለውጠዋል። ደብረ ብርሃን ላይ ውኃ የሚፈላው በ90 ዲግሪ ገደማ ነው፣ ጓሳ ላይ ወደ 89 ይወርዳል። ሻይ ይሠራል፣ ሽሮም ችግር የለውም፤ ምስርና ክክ ግን በተራ ድስት ረጅም ጊዜ ይወስዳሉ፣ ያ ጊዜ ሁሉ ከባትሪ ይወጣል። የ1000 ዋት የኤሌክትሪክ ፕሬሸር ኩከር ግፊቱን ጨምሮ መፍያውን ከ100 ዲግሪ በላይ ያደርሰዋል፤ ምስሩን በሩብ ሰዓት ገደማ ይጨርሳል። ከሁሉም ዕቃ አስቀድማችሁ የምትገዙት ይህን ይሁን።

እንጀራ መጋገርን እርሱት። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3500 ዋት አካባቢ ይፈልጋል፤ ይህ ኢንቨርተር አይችለውም፣ ቢችለውም አንድ ጊዜ ጋግሮ ባትሪውን ይጨርሰዋል። ጋግራችሁ ወይም ከደብረ ብርሃን ገዝታችሁ ያዙ፤ በደጋው ብርድ ሦስትና አራት ቀን ሳይሻግት ይቆያል። በሶና ቆሎ ደግሞ ዋት አይጠይቁም።

ሌሊቱ

ላሜራው በ3 ሴንቲ ሜትር ፎም የተሸፈነ፣ መስኮቱ መጋረጃ ያለው ሚኒባስ ውጭው 0 ዲግሪ ሆኖ ውስጡ 15 እንዲሆን ሳያቋርጥ ወደ 700 ዋት ሙቀት ይፈልጋል። በስምንት ሰዓት 5600 ዋት-ሰዓት ነው። ባትሪው የሚሰጠው 4500 ነው። ሒሳቡ እዚህ ላይ ያልቃል፤ በዚህ ባትሪ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ይዞ ማደር አይቻልም። “1500 ዋት ማሞቂያ ተገጥሞለታል” የሚል ማስታወቂያ ሶኬት ላይ ሲሰካ ብቻ ነው እውነት የሚሆነው።

ያለው መፍትሔ ክፍሉን ትቶ ሰውየውን ማሞቅ ነው። ባለ 12 ቮልት የኤሌክትሪክ ብርድ ልብስ ከ40 እስከ 60 ዋት ይበላል፤ ከመተኛት ግማሽ ሰዓት በፊት ከፍ አድርጋችሁ ከዚያ ዝቅ ስታደርጉት ሌሊቱን ይበቃል። በላዩ የመንዝ ዝተት ወይም ባና ይደረግ። ከበግ ጠጉር የተሠራው ዝተት እርጥበት ቢነካውም ሙቀት ይይዛል። መንዞች ለዚህ ብርድ ያወጡት ጨርቅ እያለ ዋት ማባከን ለምን ያስፈልጋል?

ሕፃን ወይም አረጋዊ አብሮ የሚያድር ከሆነ ግን ክፍሉ መሞቅ አለበት። ያኔ የቀረው ምርጫ የናፍጣ ማሞቂያ ነው። ባለ 2 ኪሎዋቱ በሰዓት ከ0.1 እስከ 0.25 ሊትር ናፍጣ ይበላል፤ ኤሌክትሪኩ ሲነሳ ከ100 ዋት በላይ፣ ከዚያ በኋላ ከ10 እስከ 30 ዋት ብቻ ነው። መኪናው ጋዝ አልባ ሆኖ ይቀጥላል፣ ሙሉ ኤሌክትሪክ ግን አይደለም፤ ሻጩ ይህን በግልጽ ሊናገር ይገባል። ዋናው ችግር ከፍታው ነው። ማሞቂያው ለዝቅተኛ ቦታ በተስተካከለው የናፍጣ መጠን ሲሠራ፣ 3000 ሜትር ላይ ያለው ስስ አየር ናፍጣውን ሙሉ በሙሉ አያቃጥለውም። ጥቀርሻ ውስጡ ይጋገራል፤ መጀመሪያ ነጭ ጭስ፣ ቀጥሎ አልነሳም ማለት ይመጣል። ብዙዎቹ ከ1500 ሜትር በላይ የከፍታ ማስተካከያ ይፈልጋሉ፤ ይህ ማለት አዲስ አበባም፣ ሰሜን ሸዋ ደጋውም በሙሉ ከገደቡ በላይ ናቸው። የከፍታ መለኪያ ያለውን ሞዴል ግዙ፣ ወይም የፓምፑን ምት የሚቀንስ ባለሙያ ያስተካክለው። ከማጥፋታችሁ በፊት ሩብ ሰዓት በሙሉ ኃይል ማስኬድ ጥቀርሻውን ይቀንሳል። የጭስ ማውጫው ጫፍ ከመስኮትና ከበር ሥር አይሁን፤ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያም አልጋው አጠገብ ይሰቀል።

ባትሪው ሲበርደው

ሊቲየም አይረን ፎስፌት ከ0 ዲግሪ በታች ኃይል ይሰጣል እንጂ አይቀበልም። በዚያ ሙቀት ከተሞላ ውስጡ ለዘለቄታው ይጎዳል፤ ስለዚህ የባትሪው መቆጣጠሪያ መሙላቱን ይቆርጣል። ጓሳ ላይ የታኅሣሥ ጠዋት ይህ ነው የሚሆነው፦ ፀሐይ ወጥታለች፣ ፓኔሉ ቮልት ያሳያል፣ ባትሪው ግን አልሞላም ይላል። ሰው ፓኔሉ ተበላሸ ብሎ ኬብል መፍታት ይጀምራል። ባትሪው እስኪሞቅ መጠበቅ ብቻ ነው፤ ሁለት ሦስት ሰዓት ፀሐይ ግን ያመልጣል።

ባትሪው ከመኪናው ሥር ወይም ከኋላ በር ጋር ተጣብቆ ከተሠራ ይህ በየጠዋቱ ይደጋገማል። አልጋ ሥር፣ ሰው በሚያሞቀው ክፍል ውስጥ፣ ከወለሉ በፎም ተለይቶ ከተቀመጠ ብርዱ አይደርስበትም። ራሱን የሚያሞቅ ባትሪም አለ፤ ዋጋው ይጨምራል፣ ለደጋ ግን ይገባዋል። በብርድ መሙላቱን የሚያቆም የሙቀት መቁረጫ የሌለውን ርካሽ ባትሪ ግን በምንም ምክንያት አትቀበሉ፤ ምንም ሳያስጠነቅቅ በአንድ ብርዳማ ወቅት ይሞታል። ከሊቲየም ይልቅ የጄል ባትሪ በግማሽ ዋጋ ልግጠምላችሁ ለሚል ሰው ደግሞ መልሱ ቀላል ነው፤ ጄል ዕድሜው ሳያጥር የሚሰጠው ግማሹን ብቻ ነው፣ ለዚያው መጠን ክብደቱ ብዙ እጥፍ ነው።

የውኃ ቱቦውም እንዲሁ በውስጥ በኩል ይሂድ፤ ከወለል በታች ያለፈው ያለ ሽፋን ሌሊት ይረጋል፣ መጋጠሚያውን ይሰነጥቃል።

ኬብሉና ኢንቨርተሩ

3000 ቪኤ የተጻፈበት ኢንቨርተር 3000 ዋት አይሰጥም፤ ብዙውን ጊዜ በ25 ዲግሪ 2400 ዋት ነው። የአብዛኞቹ ሙሉ አቅም የሚታሰበውም እስከ 2000 ሜትር ከፍታ ነው፤ ከዚያ በላይ ስስ አየር ማራገቢያውን ስለሚያደክመው መጠባበቂያ ተዉለት። በተግባር ኢንዳክሽኑና ቦይለሩ አብረው አይበሩም ማለት ነው። ጥሩ ሠሪ ሁለቱን የሚያለዋውጥ ማብሪያ ይገጥማል፤ ይህን ያላሰበ ሠሪ እራት መሐል መብራት ያጠፋባችኋል።

በ12 ቮልት 2400 ዋት ለማውጣት ከባትሪው ከ210 አምፔር በላይ ይፈስሳል። ደርሶ መልስ 4 ሜትር ርዝመት ያለው 25 ካሬ ሚሊ ሜትር ኬብል ከተገጠመ ከ120 ዋት በላይ ኬብሉን ለማሞቅ ብቻ ይጠፋል፤ ፕላስቲኩ ይለሰልሳል፣ ኢንቨርተሩም ቮልት አነሰኝ ብሎ ይጮኻል። ቢያንስ 70 ካሬ ሚሊ ሜትር፣ ከባትሪው አጠገብ ትክክለኛ ፊውዝ ያለው፣ በተቻለ መጠን አጭር መሆን አለበት። አዲስ የምታሠሩ ከሆነ በ24 ቮልት አሠሩት፤ አምፔሩ በግማሽ ይወርዳል፣ 35 ካሬ ሚሊ ሜትር ይበቃል።

ከኤሌክትሮኒክሱ ይልቅ ቶሎ የሚበላሸው መጋጠሚያው ነው። ወደ መንዝ የሚወስደው ኮረኮንች ብሎኑን ያላላል፤ የላላ መጋጠሚያ ይግላል፣ የጋለ ደግሞ ይቃጠላል። ከመጀመሪያዎቹ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትሮች በኋላ ሁሉም የባትሪ ብሎኖች እንደገና ይጥበቁ፣ ከዚያ በየወቅቱ። የፓኔል ማሰሪያዎቹም እንዲሁ፤ የጣርማበር ነፋስ ቀልድ አያውቅም።

ሌላው እውነተኛ ድክመት፣ ኢንቨርተሩ ከሞተ ምድጃም፣ ቦይለርም፣ የሶኬቱ ቻርጀርም አብረው መሞታቸው ነው። የሚኒባስ ኤሌክትሪሺያን ፊውዝና ኬብል ይጠግናል፣ የኢንቨርተር ቦርድ ግን መንገድ ላይ አይሠራም። ስለዚህ ለውጭ የሚሆን ትንሽ የላምባ ምድጃ መጠባበቂያ ይያዝ። ትንሿን የቡቴን ጣሳ አንመክርም፤ ቡቴን በብርድ ወደ ጋዝነት በደንብ ስለማይለወጥ በጓሳ ጠዋት ይደክማል።

ከሞተሩና ከሶኬቱ መሙላት

የ50 አምፔሩ ዲሲ-ዲሲ ቻርጀር በአንድ ሰዓት ጉዞ ወደ 650 ዋት-ሰዓት ያስገባል። ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ነው፤ ስትደርሱ ከባትሪው ሲሶ በላይ ሞልቷል። ይህን ቻርጀር ትቶ ባትሪውን በቀጥታ ከዲናሞ ጋር ማገናኘት ግን ዲናሞ ማቃጠል ነው። ሊቲየም የተሰጠውን ሁሉ ስለሚስብ፣ ከሸዋ ሮቢት ወደ ጣርማበር ያለውን ረጅም ዳገት በዝግታ የሚወጣ መኪና ዲናሞው ሳይበርድ ሙሉ ጫና ይሸከማል። ለዳገቱ ቻርጀሩን የሚያጠፋ ማብሪያ ከሹፌሩ አጠገብ ይኑር።

ከተማ ገብታችሁ ከሆቴል ሶኬት ስትሰኩ መጀመሪያ የቻርጀሩን ገቢ ወደ 6 አምፔር ቀንሱት። በዚህ ልክ ባዶ ባትሪ በአራት ሰዓት ገደማ ይሞላል፣ ሶኬቱም አይቀልጥም። ማራዘሚያው 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ይሁን፣ ከጥቅልሉም ሙሉ በሙሉ ይፈታ፤ ተጠቅልሎ የቀረው ሙቀቱን ማስወጣት ስለማይችል ይቀልጣል። ኧርዝ የሌለው ሶኬት ብዙ ነው፤ መኪናው ጎማ ላይ ስለቆመ ይህ ለሕይወት ያሰጋልና የሚያፈስ ኤሌክትሪክ የሚቆርጥ ብሬከር መኪናው መግቢያ ላይ መኖር አለበት። ማታ ቮልቱ ሲወርድ ኢንቨርተሩ ሶኬቱን እምቢ ካለ፣ ሰው ሁሉ ከተኛ በኋላ ራሱ ይቀበለዋል።

መኪናው ራሱ ኤሌክትሪክ ቢሆንስ?

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ይህ ጥያቄ የሕልም ጥያቄ አይደለም። ለመኪናው ቤት ትርጉሙ ትልቅ ነው። 60 ኪሎዋት-ሰዓት ባትሪ ያለውና ኃይል ወደ ውጭ የሚሰጥ መኪና እስከ 3 ኪሎዋት አካባቢ መስጠት ይችላል፤ ሌሊቱን በ700 ዋት ማሞቅ 6 ኪሎዋት-ሰዓት ያህል ይወስድበታል፣ ያም የባትሪው አንድ አሥረኛ ነው። የብርዱ ችግር በትክክል የሚፈታው በዚህ ነው።

ዳገቱ ግን ይከፈላል። 2500 ኪሎ የሚመዝን መኪና ከሸዋ ሮቢት 1300 ሜትር ገደማ ተነስቶ 1800 ሜትር ወደ ላይ ሲወጣ፣ ለርቀቱ ከሚበላው ሌላ ለከፍታው ብቻ ወደ 14 ኪሎዋት-ሰዓት ይጨርሳል። ሲወርድ ጥሩ ክፍሉን መልሶ ያገኛል፤ ደብረ ሲና ላይ አድሮ ባትሪውን 100 በመቶ ሞልቶ ቁልቁለቱን የጀመረ ግን የሚመልስበት ቦታ የለውም፣ ሸክሙ ሁሉ ፍሬን ላይ ይወድቃል። ከቁልቁለት በፊት 80 በመቶ ላይ ማቆም ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ሳትሞሉ ወደ ጓሳ ግቡ አንልም።

ስትረከቡ

ገንዘቡ ከማለቁ በፊት መኪናው ግቢ ውስጥ ከሶኬት ተነቅሎ ይፈተን። ኢንዳክሽኑን በሙሉ ኃይል በአንድ ድስት ውኃ ለ20 ደቂቃ አብሩት። ከዚያ ኢንቨርተሩን አጥፉና የባትሪውን መጋጠሚያዎች በእጅ ጀርባ ቅረቡ፤ ለብ ማለት ያለ ነው፣ የሚፋጅ ካለ ይፈታና እንደገና ይሠራ። ባትሪው የሙቀት መቁረጫ እንዳለው በስልኩ መተግበሪያ ላይ ያሳዩአችሁ፤ የሙቀት ቁጥር የማያሳይ ከሆነ ዳሳሹ የለም ብላችሁ አስቡ። ቦይለሩን ጨምራችሁ አብሩና የትኛው እንደሚቆርጥ እዩ፤ መቁረጥ ያለበት ማለዋወጫው ነው፣ ኢንቨርተሩ አይደለም። የናፍጣ ማሞቂያ ካለው አዲስ አበባ ላይ መነሳቱ ምንም አያረጋግጥም፤ ጣርማበር ላይ አድሮ ጠዋት ሳያጨስ መነሳቱን በጽሑፍ በሰፈረ የዋስትና ቃል ተቀበሉ። የሽቦው ንድፍም በወረቀት ይሰጣችሁ፣ የፊውዙ መጠንና ቦታ ተጽፎበት፤ መሐል ሜዳ ላይ በሌሊት መብራት ሲጠፋ ከተማው ያለውን ሠሪ በስልክ ላታገኙት ትችላላችሁ።